የታሰረው የነፋስ ጨርቅ

የኤርፖርቱ የአየር ሁኔታ ዘጋቢ ቢሮው ውስጥ፣ ወደ ሰገነት በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሚስቱ ወንድም፣ በማኮብኮቢያ ተቆጣጣሪው ላይ ነው። «ነፋስ የለም» የሚለው ሪፖርት ጠዋት ለአብራሪዎች ተልኳል፤ ከዚያ ወዲህ ቢሮው የገባ ይኸው ሰው ብቻ ነዋ! ፖሊሶች ካቴና አጠለቁለት።

«ባሌንም ወንድሜንም ባንድ ቀን?» ትላለች እህቱ፣ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠች።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ መጣች። እሷም መቀመጥ የሚሉት ነገር አይሆንላትም።

«ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?» አለችው እስረኛውን።

«የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ተቀዶ ነበር። ነፋሱ ሳይወስደው ብዬ ከምሰሶው ጋር ጠፍሬ አሰርኩት። ኧረ የዛሬው ነፋስ ሰው ይጥላል! ለሟቹም ለመቆጣጠሪያ ማማውም በሬዲዮ ተናገርኩ።»

«እውነቱን ነው፤ ሟቹም እኔም ‹ሰምተናል› ብለን መልሰንለታል» አለ የማማው ሠራተኛ።

ሥራ አስኪያጁ ተቁነጠነጠ። «እኔ ዛሬ እዚያ ቢሮ ድርሽ አላልኩም። ማኮብኮቢያውን አሳድሰን ልናስመርቅ እንግዶች በአውሮፕላን እየመጡ ነው፤ ቶሎ ጨርሱልን!»

«የታደሰውማ ተሰንጥቋል» አለች ሚስትየው። «‹ዛሬ ሳላዘጋው አልመለስም› ብሎኝ ነው ባሌ ከቤት የወጣው።»

መርፌ ቢሮውን አየች። በመስኮቱ የታሰረው ጨርቅ ይታያል፤ መስታወቱ ግን ወፍራም ነው፤ የነፋስ ድምፅ አያስገባም። ሰገነቱ ላይ ስትወጣ ግን ነፋሱ ሻርፗን መንጭቆ ወሰደው። ወርዳ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ሁልጊዜ ሰገነት ወጥቶ ነው የሚለካው። ዛሬ ‹ነፋስ የለም› ብሎ የጻፈው ግን የለየለት ቂል ነው!»

«ምን ቂል አለው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ቱግ ብሎ። «ጨርቁ እኮ ንቅንቅ አላለም!»

መርፌ ወደ እሱ ዞረች።

«መቼ አዩት?» አለች። «ጨርቁ የሚታየው ከማማውና ከዚህ መስኮት ብቻ ነው። የማማው ሰው መታሰሩን ያውቃል። ያሰረው ሰውም ያውቃል። ሟቹም ሰምቷል። በጨርቁ የሚታለል ከእርስዎ በቀር ማን አለ? ስንጥቁን ደብቅ ቢሉት እንቢ አለ፤ ከደረጃው ገፈተሩት። ሪፖርቱንም ራስዎ ላኩ፤ የእንግዶችዎ አውሮፕላን እንዲያርፍ፣ ሟቹም በሕይወት ያለ እንዲመስል።»

«እኔ እኮ... ገፋ ነው ያደረግኩት» አለ ሰውዬው፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ደርቆ የዋለው ወንድም ወደ እህቱ ዞረ።

«ገድሎ ያለቅሳል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው እኮ... አሁን ላልቅስለት?»

«አልቅስ ወንድሜ፣ አልቅስለት» አለችው፤ ደረቷ ላይም ወደቀ።