ሥሩ የተለቀመ አፈር

የአፈር ባለሙያው ሰላጣ በተተከለበት ረግረግ ዳር፣ ቦይ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል። ሰባቱ የናሙና ከረጢቶቹ አጠገቡ እንደታሰሩ ተደርድረዋል።

«አዳልጦት ነው» አሉ የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር። «ድንጋዩም ይኸውና።»

መርማሪዋ የሟቹን ጥፍሮች አየች፤ ጥቁር ጭቃ ሞልቷቸዋል። ከረጢቶቹን ፈታች፤ ውስጣቸው ያለው አፈር ቡናማ ነው።

«ናሙና እንደሚወስድ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ፣ ታላቅ እህቱና የባትሪ ማቅለጫው ባለቤት። የእርሳስ መርዝ ወደ ቦያችን ይለቃል ብሎ የጠረጠረው እሱን ነበር።»

እህትየዋን ረግረጉ ላይ ባለው የሰላጣ ችግኝ መደቧ አገኘቻት።

«ወንድምዎ ምን አሉዎት?»

«መሬትሽ ታሟል አለኝ። የታመምከውስ አንተ ነህ አልኩት። ሃያ ዓመት የበላሁበትን!»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በማኅበሩ መጋዘን ሰበሰበቻቸው።

«ለአንድ እፍኝ ጭቃ ነው እንዴ የምንጉላላው?» አለ ባለማቅለጫው።

«ለእሱው ነው።» ከረግረጉ በላይ ካለው ኮረብታ የቆፈረችውን ቡናማ አፈር አንዳንድ እፍኝ አስያዘቻቸው። «ሟቹ የቆፈሩት የረግረጉን ጥቁር ጭቃ ነው። ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ግን የኮረብታ አፈር ነው። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ የለወጠው ሰው አለ። ንጹሕ የምርመራ ውጤት ሦስታችሁም ትፈልጋላችሁ፤ አንዱ ማቅለጫው እንዳይዘጋ፣ አንዱ ማኅበሩ ገዢ እንዳያጣ፣ አንዷ መሬቷን እንዳትለቅ። ኮረብታው ሣር ብቻ ነው፤ አፈሩ በሥር የተያዘ ነው። ከረጢቶቹ ውስጥ ግን አንድም ሥር የለም፤ ጓሉም በጣት ደቅቋል። የቸኮለ ሰው አፈሩን ከነሥሩ ያጭቃል። ሳያስበው ሥር ለቅሞ ጓል የሚያደቅቀው እጁ ችግኝ ማፍላት የለመደ ሰው ነው።»

ባለማቅለጫው አፈሩን ገና ድሮ ጥሎታል። ሊቀመንበሩ እንደጨበጡት ናቸው። እህትየዋ መዳፍ ላይ ያለው ግን እንደ ዱቄት ልሟል፤ የሣር ሥሮቹ እግሯ ሥር ወድቀዋል። ሁሉም ሲያዩ እሷም ዝቅ ብላ አየች።

«ልጆቼን ይዤ የት ልግባ አልኩት» አለች። «ልጆችሽን አስመርምሪያቸው አለኝ። እኔ በእጄ የማበላቸውን! ገፋሁት። ሲወድቅ… ቆሜ አየሁት።»

«እሳቸው የቆፈሩትን ጭቃ የት ጣሉት?»

«ወደ መደቡ መለስኩት።»

ባለማቅለጫው ብድግ አለ። «እንግዲህ እኔ ላይ ማስረጃ የለም።»

«ናሙና እንደገና ይወሰዳል።»

«በማን?» አሉ ሊቀመንበሩ። አካባቢው የነበረው ባለሙያ አንድ ነው፤ እሱም ሬሳ ክፍል ነው።

እህትየዋ በፖሊስ ተይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ችግኞቼ ዛሬ ውኃ አልቀመሱም። ልጆቹም ምሳ አልበሉም።»

«አታስቢ እህቴ፣ እኔ አለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ። ከመጋዘኑ ባልዲ አንሥተው ውኃ ሊቀዱ ወደ ቦዩ ወረዱ።