ሲገፋ የሚቆርጥ መጋዝ

አናጺው ሃያኩታኬ አንገቱ ተቆልምሞ ከመሰላሉ ሥር ተዘርግቷል። ልጁ ያሱሂሮ ከሬሳው ጥቂት ክንድ ርቆ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ ይበላል። መርማሪዋ ቺዙሩ ናጉሞ ጣቱን ሲልስ ስታየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«መቼ ነው የምትወስዱት?» አላት።

«ሬሳውን ወይስ ገዳዩን?»

«ገዳይማ እሷ ናት! ጠዋት ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

የሟቹ ሁለተኛ ሚስት ኦሪዬ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች። «እኔ ምን ላተርፍ? ትናንት መጥቶ ወርክሾፑን አፍርሼ መኪና ማቆሚያ ላድርግ ያለው እሱ ነው፤ አባቱ እምቢ አለው።»

ቺዙሩ የመሰላሉን የተሰበረ መርገጫ መረመረች። ከሥሩ እስከ ወገቡ በመጋዝ ተገዝግዟል። ቀይ ቀለም የተቀባው መሰላል ግድግዳው ላይ ስለተቸነከረ ከኋላው ሰው አይገባም። ከተገዘገዘው እንጨት ስንጥሩ የወጣው ግን በግድግዳው በኩል ነው።

«ሞሮይ ሳን፣ እዚህ መጋዝ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላ የወርክሾፑን ሽማግሌ ሠራተኛ ጠየቀች።

«ይሳባላ! እኛ እንጨት ስንቆርጥ ‹ሂኩ› እንላለን፤ መሳብ ማለት ነው። መስመር ይሳባል፣ ሙዚቃ ስንጫወት የሻሚሰን ክር ይሳባል፣ ጉንፋን የያዘው እንኳ ‹ጉንፋን ሳብኩ› ይላል። እርስዎ ውጭ አገር ተምረው ረሱት እንዴ?»

«ወጣቶቹስ አንድ ነገር ሲጸየፉ ምን ይላሉ?»

«ያው ‹ሳብኩ› ይላሉ። ወደ ኋላ መሸሽ ነዋ።»

«እንግዲያው እኔም ዛሬ ስቤያለሁ» አለች፣ ያሱሂሮን እያየች።

አንድ ፖሊስ ወደ ያሱሂሮ መኪና ላከችና ሦስቱን ሰበሰበች። ለእያንዳንዳቸው እንጨትና የሟቹን ስስ መጋዝ ሰጠች። ሞሮይ ሳበ። ኦሪዬም ሳበች።

«ፈተና ነው እንዴ?» አለ ያሱሂሮ እየሳቀ። ትከሻውን ጭኖ ሲገፋ መጋዙ እንደ ወረቀት ታጠፈ።

«ገዝጋዡ ከመሰላሉ ፊት ነው የቆመው፤ ሌላ ቦታ የለም» አለች ቺዙሩ። «ስንጥሩ የሚወጣው የመጋዙ ጥርስ በሚሄድበት በኩል ነው። በመሳብ የተቆረጠ ቢሆን ወደ ቆራጩ ይወጣ ነበር። የወጣው ግን ወደ ግድግዳው ነው፤ ስለዚህ መጋዙ የቆረጠው ሲገፋ ነው። የዚህ ቤት መጋዝ ሲገፋ አይቆርጥም፤ የጀርመን መጋዝ ግን ይቆርጣል።»

«የጀርመን መጋዝ ያለው ሁሉ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ግን ትናንት እዚህ መጥተህ ነበር።»

ፖሊሱ ከመኪናው ያገኘውን ወፍራም መጋዝ ይዞ ገባ። በጥርሶቹ መሀል ቀይ ቀለም ተሰክቷል።

ያሱሂሮ ትከሻውን ሰበቀ። «አባቴ አርጅቶ ነበር እኮ።»

ፖሊሶቹ ኦሪዬን ለቀቋት። ቀጥ ብላ ወደ እንጀራ ልጇ ሄደች፤ በጥፊ የምትለው መስሎ ነበር።

«ዛሬ እዚህ እንደምታድር ነግረኸው አልነበር?» አለችው። «መሰላሉ ላይ የወጣው ፍራሽ ሊያወርድልህ ነው።»

ቺዙሩ ካቴናውን አጠለቀችለት፤ ከዚያ እጇን በኮቷ ደጋግማ ጠረገች።