የቄሳሩ ስድስተኛ ልጅ

ጡረተኛው የታሪክ አስተማሪ መምህር ኡበይደላ ለጁምዓ ሶላት ሳይወጡ ሲቀሩ፣ ጎረቤቶች መርሳ ከተማ ወዳለው ቤታቸው በሩን ገፍተው ገቡ። ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተዋል። ከጎናቸው ያለው ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ተጠጥቶበታል፤ ሽታው ግን የፀረ ተባይ ነው። ከሥሩ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦ «ከእንግዲህ የምኖርበት ምክንያት አይታየኝም። ቤታችን ፈርሷል። ይቅር በሉኝ።»

ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር መስከረም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። አናቱ በመቀስ ተቆርጧል። ጠረጴዛው ላይ መምህሩ ለዓመታት የደከሙበት ረቂቅ ተከምሯል፤ ስለ ጀርመኑ ቄሳር ዊልሄልም ሰባት ልጆች፣ ስለ ስድስቱ ወንዶችና ስለ አንዷ ሴት የሚተርክ ልቦለድ ነው። ሁሉንም ይዛ ሄደች።

መርዙ የወጣው ከወንድ ልጃቸው ከዓሪፍ የብርቱካን ማሳ መጋዘን ነበርና መጀመሪያ እርሱን አነጋገረችው።

«አባትህን መቼ አየሃቸው?»

«አራት ዓመት ሆነኝ። ሰውየው ከቤቱ አባሮኛል።»

«ለምን?»

«በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤታችንን ደጀንን ለታጠቁ ሰዎች ጠቆምክ ብሎ። እህቴ ናጅዋ ሲጠቁም ሰማሁ አለች፤ እርሷን አመነ።»

«የመጋዘኑ ቁልፍስ?»

«በሩ ላይ ይንጠለጠላል። ናጅዋም ሠራተኞቹም ያውቃሉ።»

«አባትህ የሚጽፉት ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ፈረንጅ። ግድ የለኝም።»

የደጀን ሚስት ሸዋዬ በሯ ላይ ቆማ መለሰች እንጂ ግቢ አላለቻትም።

«ለእርሳቸው አላለቅስም። ባሌ ከዚያ ቤት በወጣ ቃል ተወስዶ ቀረ።»

«እትዬ ሸዋዬ፣ ሰሞኑን አነጋግረዋቸው ነበር?»

«ረቡዕ። ከግራና ከተማ የመጣ አንድ ሰው፣ ደጀን የተወሰደ ዕለት ዓሪፍ እዚያ እርሱ ቤት እንደነበር ነገረኝ። የማይገባውን ሰው ስጠላ መኖሬ ከበደኝና ሄጄ ነገርኳቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።»

ሴት ልጃቸው ናጅዋ ወልድያ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች።

«መርሳ የመጣሁት እሁድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም» አለች። «ያን መጽሐፍ ባይጀምሩት ኖሮ! የቄሳሩ ስድስተኛ ልጅ ዮአኪም ራሱን ሲገድል ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ እያለቀሱ ነው የጻፉት። ሐሳቡ ከዚያ መጣባቸው። ለማንኛውም ወንድሜን ጠይቁት። መርዙ የእርሱ ነው።»

መስከረም ቃሏን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ አባቷ ራሳቸውን ገደሉ፣ ወንድሟም ገደላቸው እያለች ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱን በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሦስቱም ጀርባ ለጀርባ ሊሰጣጡ ምንም አልቀራቸውም።

«መምህር በየገጹ አናት ላይ የጻፉበትን ቀን ያሰፍሩ ነበር» አለች። «ለመሰናበት የሚጽፍ ሰው የወረቀቱን አናት አይቆርጥም። ቀኑን የቆረጠው ወረቀቱ ከረቂቁ የወጣ ገጽ መሆኑን ሊደብቅ የፈለገ ሰው ነው። የረቂቁ የመጨረሻ ገጽ ሐሙስ ተጽፎ እንዲህ ሲል ያበቃል፦ ‹ዮአኪም ብዕሩን አነሣና ጻፈ።› ምን እንደጻፈ የሚናገረው ቀጣዩ ገጽ የለም። እርሱ ከብርጭቆው ሥር ነበር።»

«ታዲያ?» አለች ናጅዋ።

«እሁድ የተጻፈው ስለ አራተኛው ልጅ፣ ናዚዎችን ስለተቀላቀለው ስለ አውጉስት ዊልሄልም ነው። የዮአኪም ሞት ሐሙስ ብቻ ነው የተጻፈው። አንቺ ደግሞ ሲጽፉት አጠገባቸው ነበርኩ ብለሻል። ስለዚህ ሐሙስ እዚህ ነበርሽ። ፖሊስ ስለ ጀርመን ቄሳር ሦስት መቶ ገጽ ተቀምጦ ያነባል ብለሽ አልገመትሽም።»

ናጅዋ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

«ረቡዕ ዓሪፍ ንጹሕ መሆኑን ሲሰሙ፣ አባትሽ አንቺ ለምን እንደዋሸሽ ገባቸው። ጠሩሽ።»

«ያኔ የታጠቁት ሰዎች በራችን ላይ ቆመው ነበር» አለች ናጅዋ በመጨረሻ። «የደጀንን ቤት አሳዪን፣ አለዚያ ቤታችሁን እናቃጥላለን አሉኝ። አሳየሁ። አባባ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ አሉ። ለመንኳቸው። ‹አጠገብሽ እቆማለሁ፣ ራስሽ ንገሪያቸው› አሉኝ። እኔ እንደዚያ መቆም አልችልም። ጭማቂውን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።»

ሸዋዬ ድምፅዋን ሳታነሣ «ዒድ በመጣ ቁጥር ቤቴ እየመጣሽ ታለቅሺልኝ ነበር» አለቻት።

ፖሊሶቹ ናጅዋን ይዘዋት ሲወጡ ዓሪፍ ከመቀመጫው አልተነሣም። ስልኩን አውጥቶ ለመስከረም ዘረጋላት።

«ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሦስት ጊዜ ደውለውልኛል» አለ። «አላነሣሁም።»