የናሆም ሰይፍ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዕድል ስሌት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሳንቲም ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ዘውድ ሆኖ ስለወደቀ ዐሥራ አንደኛው የግድ ጎፈር ይሆናል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከእኔ እጅ ምን ውጤት እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር። ስለዚህ፣ አንባቢ ወዳጄ፣ አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ በትሕትና አዳምጬ፣ ቤቴ ስገባ እስቅበት ነበር፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩትም ሌላው በተራው እንዳይስቅብኝ ነው።

ልጄ ናሆም የኢንተርኔት ጌም ይጫወት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ሰይፍ አለ፣ ሰይፉ ደረጃ በደረጃ ያድጋል፣ ባደገ ቁጥር የቀጣዩ ሙከራ የመሳካት ዕድል እያነሰ ይሄዳል፣ ካልተሳካ ደግሞ ሰይፉ የብርጭቆ ስብራት ድምፅ አሰምቶ ይሰበርና ከነጭራሹ ይጠፋል። ናሆም ታዲያ ከመሞከሩ በፊት የማይጥሰው ሥርዓት ነበረው፤ መጀመሪያ የጨዋታውን ሦስት ርካሽ ቢላዎች በተከታታይ ይሰብራል፣ ክፉው ዕድል በእነሱ ይለቅ ብሎ፤ ቀጥሎ ቬንትሌተሩን ያጠፋል፣ ነፋስ ዕድል ይበትናል እያለ፣ ያውም በድሬዳዋ ሙቀት፤ በመጨረሻ እኔን ከክፍሉ ያስወጣኛል።

«መምህር፣ ውጣልኝ። አንተ ካለህ ይሰበራል።»

ልጆቼ የሚጠሩኝ አባዬ ብለው ነው፤ ሲያሾፍብኝ ግን እሱ፣ እሱ ብቻ፣ መምህር ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አልወጣም አልኩ። «ዕድል ዐይን የለውም፣ እኔ እዚህ መኖሬን አያውቅም» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የማሳደጊያውን ቁልፍ ተጫነው፤ ሰይፉ ተሰበረ። የስምንት ወር ልፋቱ ነበር። ዞሮ አየኝ። «አጋጣሚ ነው» አልኩት፤ ትክክል ነበርኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ሌላ ሰይፍ ዐሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ አደረሰ፣ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ቀበርነው።

በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ እህቱ ምሕረት ልታገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ በእሱ ክፍል ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ሰይፉ እንዳለ ነው፣ ስሙ ተቀርጾበታል፣ ከእጁ ሥራ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

«ዐሥራ አምስት ላደርሰው ነው፣ አባዬ።»

«ቢሰበርስ?»

«ይሰበራላ! እሱ ዐሥራ አራት ላይ ይተወው ነበር? ዐሥራ አምስት ከገባ ያንቺ ነው ብሎኛል፣ ሆስፒታል ተኝቶ።»

«ዕድሉ ከመቶ አራት ነው፣ ምሕረት። አራት!»

«አቦ አባዬ፣ ቁጥሩን ተወውና ጸሎትም በለው ዱዓ፣ የምታውቀውን አድርግልኝ።»

ቀትር ነበር፣ የሰፈራችን የከዚራ ሱቆች ተዘግተዋል፣ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የለም፣ ቬንትሌተሩ ብቻ አንገቱን እያዞረ ይንጓጓል። በዚያች ሰዓት ያደረግኩትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ፤ ማንም ሳያስወጣኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

«የት ነው?»

«ውጭ ልሁን።»

ልትስቅ ነበር፣ ፊቴን አይታ ተወችው።

በሩን ዘግቼ ግቢ ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆምኩ። የብርጭቆ ስብራት ተሰማ። ቆየት ብሎ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው። እመነኝ፣ እስከዚህ ምንም አልደነቀኝም፣ ሦስት ቢላ በተከታታይ መሰበሩ በወረቀት ላይ ይሰላል። ቀጥሎ የቬንትሌተሩ ማጥፊያ ቀጭ አለ፣ የነፋሱ ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ከዚያ፣ ከበሩ በስተውስጥ፣ ቅርብ ሆኖ፣ ሳቅ በቀላቀለ ድምፅ፦

«መምህር፣ አሁን ግባ።»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ምሕረት ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ማን ጠራህ?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቬንትሌተሩንስ አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ውጭ ነበርኩ።»

ወደ ስክሪኑ ጠቆመችኝ። ሰይፉ ዐሥራ አምስት ሆኗል። ሲሳካ የሚደወለውን ደወል እኔም አልሰማሁ፣ እሷም አልሰማች።

«አልተጫንኩትም፣ ማርያምን! ቢላዎቹን ሰበርኩ እንጂ ሰይፉን ጣቴ አልነካውም።»

አባት ነኝና መብራት ሄዶ ይሆናል አልኳት፤ ቬንትሌተሩን ዳሰስኩ፣ ማጥፊያው ዜሮ ላይ ነበር። እዚያው ቆመን ሳለ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ባዶ ጆግ ይዛ ከደጅ ተጣራች።

«ጋሽ መኮንን፣ በረዶ ተርፏችኋል? የኔ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀልጧል።»

«አሁን በሄደ መብራት?»

«አሁን? ዋላሂ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ የለውም! እናንተ በጄኔሬተር ነው እንዴ የምትኖሩት?» ብላ ሳቀች።

ሄጄ ፍሪጃችንን ከፈትኩ። በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ውሃውም ለብ ብሏል።

ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ ከምሕረት ስልክ ነበር፣ ይህ ይገባኛል። ከመቶ አራትም ቢሆን አራት ነው፣ እጇ ሳታውቀው ነክቶት ይሆናል ብዬ እቀበላለሁ። ግን ወዳጄ፣ ከዚያ በፊት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፊቴን ሲያቀዘቅዝልኝ የነበረው ቬንትሌተር በምን ይዞር ነበር? ናሆም በሕይወት ሳለ ስንት ጊዜ አስወጣኝ፤ ግባ ብሎ ግን ጠርቶኝ አያውቅም።

ምሕረት አገባች፣ ላፕቶፑንም ሰይፉንም ይዛ ሄደች። እኔ ቀትር በደረሰ ቁጥር የዚያን ክፍል በር ዘግቼ ኒሟ ሥር እቆማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ትናንት ከውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሦስት ሊሞላ ሁለት ይቀረዋል። ገብቼ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ፤ የተሰበረ ነገር የለም።

ይህን ስጽፍ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።