ባለ ኮከቡ ቃል

«ቆይ፣ ይቺ ኮከብ እኮ ሌላ ነገር ናት!» አለች ቢታንያ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ነገ ዱባይ በሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ከጓደኛዋ ከዳሪና ጋር ፊቱ ኮከብ ያለበት አንድ ቃል ያቀርባሉ፤ *ዶሙ። የዳሪና ሩሲያኛና ዘመድ ቋንቋዎቹ በተወለዱበት አሮጌ ቋንቋ «ቤት» ማለት ነው። መጨረሻው ግን አያርፍም። «የቤት» ለማለትም ዶሙ ነው፣ የመጨረሻዋ «ኡ» ብቻ ትረዝማለች፤ «ለቤት» ሲሆን ደግሞ ዶሞቪ ይሆናል። ቢታንያ ዞሮባታል። ኮከቧንማ «ፈተና ላይ ይመጣል» ማለት መስሏት ነበር።

አሁን ስታነበው ለካ ቃሉ የትም ተጽፎ አልተገኘም። ሲነገር የሰማው የለም፤ ምሁራን ከእሱ ከተወለዱት ቋንቋዎች ተነስተው የገመቱት ነው፤ ኮከቧም ይህንኑ ነው የምትለው።

«አያትሽ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምትለው አላልሽም? መምህራችን እኮ የንግግራችን መክፈቻ ያደረገው እሱን ነው!»

ዳሪና ቀላች። «አያቴን አይቻት አላውቅም። እዚሁ አጅማን ነው የተወለድኩት። መምህሩ አገርሽ እንዴት ይሉታል ሲለኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ። በናትሽ እንዳትናገሪ።»

ቢታንያ ተናደደች፤ አዘነችላትም። የትኛው እንደሚበልጥ አልገባትም። መልስ ሳትሰጥ ስልኳ ጠራ። እናቷ ጌጤ ናት፤ አሠሪዋ ማዳም ቤት እያደረች ነው የምትሠራው፣ ለነገው ውድድር ግን ዛሬ እመጣለሁ ብላ ነበር።

«እማ፣ የት ደረስሽ?»

«ቤት ነኝ፣ ቢቱዬ።»

ቢታንያ ተስፈንጥራ በሩን ከፈተች። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም።

«የታለሽ?»

«ማዳም ቤት ነዋ! እንግዳ መጣባት፣ ሹግሉ፣ ሥራው በዛ። ዋላሂ ነገ እንደምንም እሞክራለሁ።»

ቢታንያ ከፋት። ተመልሳ ስትቀመጥ ዳሪና ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«ቤት ነኝ አለችኝ። እዚህ የምንኖርበት ሙዋይለህም ቤት ነው፣ ማዳም ጋም ቤት ነው፣ ኢትዮጵያም ሀገር ቤት ነው። እኔ ሀገር ቤትን አላውቀውም፣ እሷ ደግሞ እዚህ አታድርም። የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ቢታንያ ላፕቶፑን ሳብ አድርጋ ከመክፈቻው ላይ ስለ ዳሪና አያት የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጠፋችና በቦታው «እናቴ ዛሬ ደውላ ቤት ነኝ አለችኝ» ብላ ጻፈች።

«መምህሩ ከውድድሩ ቢያስወጣንስ?» አለች ዳሪና።

«እኔንጃ።» የምሯን ነው፤ አታውቅም። «ግን እውነቱን ዛሬ እንነግረዋለን። አንቺ ትደውያለሽ ወይስ እኔ?»

ዳሪና ስልኳን አንስታ የመምህሩን ቁጥር ፈለገች። ቢታንያ ወንበሯን አጠገቧ አስጠግታ ጠበቀቻት።