ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ

«ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መካከል እርስዎን ለምን እንምረጥ?» አለች ጽናት፣ ድምጿን እንደ ትልቅ ሰው ወፈር አድርጋ።

እናቷ ጌታነሽ ፊት ለፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። 

«እነሱንም ብትመርጡ ደግ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልጆች ናቸው፤ ገና ብዙ ይሠራሉ።»

ጽናት የልምምዱን የሰብሳቢነት ወንበር ትታ ተነሣች። «እማዬ፣ እንዲህ ስትይ ነው እኮ ያን ጊዜ የጣሉሽ።»

ያን ጊዜ ማለት መጋቢት ላይ ነው። ጌታነሽ ሥራ ከተወች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ገብታ ይህንኑ ጥያቄ ተጠየቀች። ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የነበረችውን አራስ አስታውሳ «የዚያች ልጅ ችግር ይብሳል፣ ለሷ ስጡ» ብላ ወጣች። ሰጧት። ጌታነሽ ያጠፋችው ነገር ያለ አልመሰላትም። ሰው ራሱን እያሞገሰ ሥራ ይለምናል እንዴ? እሷ ባደገችበት ቀዬ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ዞር ሲል ይሳቅበታል።

ጽናትን ግን አላሳቃትም። አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ግሼ ያለው አጎቷ መኳንንት «ክረምት ሳይገባ ቤቱን ዝጉና ኑ፣ ያለችውን አብረን እንበላለን» ብሎ ልኳል። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን እሱ ያለበት መንደር ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ጽናት ደግሞ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት። እናቷ ሥራ ካላገኘች ትምህርቷ እዚያው ላይ ቆመ ማለት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

አሁን እዚሁ እነሱ ባሉበት ሞላሌ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ጌታነሽ በሌላ መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት ይህንኑ ሠርታለች፤ የተወችው የጽናት ታናሽ ወንድም ዳኜ ታሞ ስለተወለደ ነው። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ካላመጣች ግን በሩንም አታልፍም። ደብዳቤው እንዲጻፍ የግል ፋይሏ መገኘት አለበት፤ ፋይሉ ደግሞ ጠፍቷል። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ሦስት ጊዜ «ነገ» ተብላለች። ዛሬ ሰኞ ነው።

ማክሰኞ በረፍት ሰዓት ሁሉን ያጫወተችው የክፍል ጓደኛዋ ምንይሉ አጥሩ ሥር ጠራትና ከደብተሩ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ።

«እንኪ። ወንድሜ ኮምፒዩተር ቤት አይደል የሚሠራው? ጣጣውን ጨርሶልሻል።»

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የእናቷ ስም አለበት፣ ስምንቱ ዓመት አለበት፣ ከታች ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለበት።

«ፎርጅድ ነው?» አለች ጽናት።

«ምን ስሙን ትጠሪያለሽ? እናትሽ አልሠራችም? ሠርታለች። ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ቢያጣሩስ?»

«አታካብጂ ባክሽ። ፋይሉ እንደሆነ ጠፍቷል፤ ከምኑ ጋር ያመሳክሩታል?»

ወረቀቱ ላይ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በሥራዋ የተመሰገነች» ይላል። እናቷ ስለ ራሷ ብትሞት የማትናገራቸው ቃላት ናቸው። ጽናት አጥፋ የኅብረተሰብ ትምህርት ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ምንይሉን አመሰገነችው።

ረቡዕ ጠዋት አስፈቅዳ ከእናቷ ጋር ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ሄደች። መዝገብ ያዡ ስንታየሁ የሚባል ወጣት ነው። ገና በመስኮቱ ሲያያቸው ፊቱ ተጨነቀ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ያልፈለግሁበት የለም። አዲሱን ፋይል በቀበሌ ቁጥር አደራጅቼዋለሁ። አሮጌው ግን ጓዳ ውስጥ እንዳለ ነው፤ መላ የለውም፣ ዝም ብሎ የተከመረ ነው። ከሳምንት በኋላ ብቅ ይበሉ።»

«መላ የለውም» ሲል የእናቷ ጣቶች የነጠላዋን ጫፍ ጨመደዱት። ጽናት አየች። እናቷ ግን «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አስቸገርኩህ» ብላ ዞረች።

ጽናት ያን ጓዳ ታውቀዋለች። መቁጠር የተማረችው እዚያ ነው። ቀበሌዎቹ መንግሥት ሲለወጥ ቁጥራቸው ይለወጣል፣ ይከፈላሉ፣ ይጣመራሉ። የሰዉ ስም ደግሞ ተመሳሳይ ነው፤ ወልደ አማኑኤል ብቻ ሃያ ሠላሳ ይገኛል። ሰው የሚሳለምበት ደብር ግን አይለወጥም። ስለዚህ ጌታነሽ ባለጉዳይ ሲመጣ «የት አጥቢያ ነህ?» ብላ ትጠይቅና ፋይሉን በታቦቱ ቀን ታስቀምጠዋለች፤ የሠራተኞቹንም የግል ፋይል እንዲሁ። በሩ አጠገብ በአንድ ልደታ፣ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል እያለ ሄዶ መስኮቱ ጋ በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ ላይ ያበቃል። ሙስሊሞቹና ከሌላ አገር የመጡት ከመስኮቱ ሥር የራሳቸው መደርደሪያ ነበራቸው። የፈለገው ባለጉዳይ ቢመጣ ፋይሉ ሳይቆይ ይገኝ ነበር።

ይህን ለስንታየሁ ለምን እንደማትነግረው ጽናት ትናንት ጠይቃት ነበር። «ደንቡ አይደለም» አለቻት እናቷ። «መንግሥት ቤት ገብታ በታቦት ደረደረች ብለው ይከሱኛል። ደግሞስ ልጁን፣ ሥራህን አታውቅም ልበለው?»

አሁን እናቷ ደረጃውን እየወረደች ነው። የጽናት ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ከበዳት። ዝም ብላ ብትከተላት ማንም አይቀየማትም፤ ነገ ጠዋት ሄዳ «ተገኘ፣ ሰጡኝ» ብላ የምንይሉን ወረቀት ማምጣት ትችላለች። አፏን ከከፈተች ግን እናቷ በሰው ፊት ታፍራለች። ምናልባትም የፈራችው ክስ ይመጣል። ጽናት መስኮቱን ያዘች።

«ጋሼ» አለች። «የተደረደረው በቀን ነው።»

«በምን ቀን?»

«በታቦቱ ቀን። የሷ አጥቢያ ገብርኤል ነው።»

እናቷ ከደረጃው ተመልሳ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ስንታየሁ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የወሩን ቀን የሚያስቆጥረው ሰው አያስፈልገውም። ወደ ጓዳው ገባ። «ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ስድስት…» ሲል ይሰማል። ከዚያ አቧራው አስነጠሰው። ሲመለስ ጠርዙ የተበላ ፋይል ታቅፏል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለ፣ ለራሱ ይመስል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጓዳ ስረግም ኖሬአለሁ። ማነው እንዲህ ያደራጀው?»

«ያኔ ብዙ ነበርን» አለች ጌታነሽ።

«ብቻዋን ነበረች» አለች ጽናት።

ገበያውን ሲያልፉ «በሰው ፊት አመሰገንሽኝ» አለች እናቷ፣ የተሰደበች ያህል ከፍቷት።

«አላመሰገንኩሽም። የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጌታነሽ ዞር ሳትል «አልነኩትም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑን?»

«መደርደሪያውን።»

«አልነኩትም፤ እንዳለ ነው» አለች ጽናት። ከዚያ በኋላ እናቷ ፈጠን ፈጠን ብላ ተራመደች።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤው ተፈርሞ ወጣ። ሁለት መስመር ነው። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች ብቻ ይናገራል፤ ታታሪ የለ፣ ታማኝ የለ። የቃለ መጠይቁ በር ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ከፊት ያለችው ወጣት የኮምፒዩተር ሰርተፊኬቷን በፕላስቲክ አስለብሳ ይዛለች። የምንይሉ ወረቀት አሁንም የጽናት የኅብረተሰብ ትምህርት ደብተር ውስጥ ነው። ከደረቁ ደብዳቤ ጋር ብታያይዘው ማን ያስተውላል?

«እማዬ» አለች።

«አቤት።»

ጽናት የቦርሳዋን ዚፕ ይዛ ቆየች። «ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ አንሺው» አለች በመጨረሻ።

እናቷ ስትገባ ጽናት በመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ዞራ ክፍቱ መስኮት ሥር ቆመች። አራት ሰዓት ላይ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ቢሆንም እግሯ አልሄድ አላት። ስም ተጠየቀ። ትምህርት ተጠየቀ። ከዚያ ጎርናና ድምፅ ያላቸው ሰብሳቢ ያንኑ ጥያቄ አመጡት።

«ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ከሌሎቹ እርስዎን ለምን እንምረጥ?»

ጽናት ዓይኗን ጨፈነች።

«ስለ ራሴ የምናገረው የለኝም» አለች እናቷ። «ግን ልጠይቅዎት፣ እርስዎ የት አጥቢያ ነዎት?»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«እኔ? ምን አገናኘው? ተክለ ሃይማኖት።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ቢሆን ፋይልዎ ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ነበር። ዓይኔን አስረው ቢልኩኝም አመጣዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ደንቡ ነው አልልም፤ ግን ስምንት ዓመት አንድ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ አልተመለሰም።»

ነጠላ ያፈነው ድምፅ አልነበረም። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ፤ ሌላው «ቆይ፣ ኪዳነ ምሕረትስ?» ብሎ ጠየቀ። እናቷ መመለስ ጀመረች።

ውጤቱ የሚለጠፈው ሰኞ ነው። ጽናት የቀረውን ለመስማት አልቆመችም። መንገዱ ዳር ስትደርስ ደብተሯን ከፍታ የምንይሉን ወረቀት አወጣችና አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በሥራዋ የተመሰገነች። ከማኅተሙ በቀር ሐሰት አላገኘችበትም። የታችኛውን ጫፍ ከነማኅተሙ ቀደደችው፤ ብጥስጥስ አድርጋ ቦይ ውስጥ ጣለችው። የቀረውን መልሳ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባችና፣ ፈተናው ሳይጀመር ለመድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።