ከጋሸና የሚመጣው ቁጥር

ጓደኛዋ ዙልፋ የማረጋገጫ ቁጥሩን የምታዘገየው ልታስለምናት እንደሆነ ሰብሌ ዓመት ሙሉ ስታምን ኖራለች። ስሕተቷን የተረዳችው ጋሸና መገንጠያ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ፣ በተከፈተው መስኮት ወደ መንገዱ ማዶ ስትመለከት ነው።

የሚኒባሱ ረዳት ታላቅ ወንድሟ ደሳለ ነው። ተሳፋሪ ሊጠራ ከመውረዱ በፊት ስልኩን አቀበላት።

«ቶሎ ጨርሺ። ደግሞ ስትጨርሺ ያንቺን ገጽ ዘግተሽ ውጪ፤ ስልኬን የገበያ ሰው እንዳትሞዪብኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ! ነገር አታብዛ።»

«ፍላቂት! ፍላቂት የሞላ!» እያለ ራቀ። ከመቀመጫዎቹ ግማሹ ባዶ ነበር።

ሰብሌ የራሷ ስልክ የላትም። በወንድሟ ስልክ ገጿን በከፈተች ቁጥር ኮድ ትጠየቃለች፤ ኮዱ ደግሞ የሚላከው ወደ ዙልፋ እናት ስልክ ነው። ነገሩ የተጀመረው ስምንተኛ ክፍል ሳሉ፣ የዙልፋ እናት እትዬ ነጅሚያ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች «የቅዳሜ ፊቶች» የሚል የቪዲዮ ገጽ ሲከፍቱ ስልክ ቁጥር አስፈለጋቸው፤ በስማቸው ሲም ያወጡት እትዬ ነጅሚያ ብቻ ስለነበሩ የእርሳቸው ተመዘገበ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያኔ አበሩት፤ ገጹን ሌባ እንዳይወስድባቸው።

ሰብሌ ያንን ዘመን ስታስብ ዓይኗ ላይ የሚመጣው የቅዳሜ ከሰዓት ብርሃን ነው፤ በጤፍ ጆንያና በገብስ ክምር ላይ ያዘቀዘቀ፣ ለመሄድ የማይቸኩል ብርሃን። ከገበያው መካከል አንድ ሰው ይመርጣሉ። ሰብሌ ትቀርጻለች፣ ዙልፋ ከካሜራው ጀርባ ሆና ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ማር ሻጩን ሽማግሌ «አባባ፣ ንቦቹ ግን ቅዳሜን ያውቋታል?» ብላቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሰዉ ያን ቪዲዮ ደጋግሞ ያየው ለማሩ አልነበረም።

በኋላ እንግዳ ጠፋ፤ ሆቴሉም ተዘጋ። እትዬ ነጅሚያ ልጃቸውን ይዘው ጋሸና የሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሰብሌ የምትቀርጸው ብቻዋን ነው። ፊቶቹ አሉ፤ የሚያናግራቸው ድምፅ ግን የለም። ጓደኛዋ በሄደች ሰሞን፣ ለራሷም በቅጡ ባልገባት ቅያሜ የይለፍ ቃሉን ቀየረችው። ለዙልፋ አልነገረቻትም፤ ዙልፋም ጠይቃት አታውቅም። የይለፍ ቃሉ ላሊበላ ሰብሌ ጋር፣ ኮዱ ጋሸና ዙልፋ ጋር ሆነ።

ኮድ ለመቀበል ስትደውልላት ዙልፋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናት።

«ቆይ፣ ቆይ እስኪ! መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ዛሬ ማንን ቀረጽሽ? በርበሬ ሻጯስ ልጇን ዳረች?»

ወሬው ሲረዝም የኮዱ ጊዜ ያልፋል።

«ይኸው፣ ኮዱ ሞተ!» ትላለች ሰብሌ በብስጭት።

«አብሽሪ፣ ሌላ ይወለዳል!»

ዛሬ ግን ቆርጣለች። አንድ የመጨረሻ ኮድ ትቀበልና ማረጋገጫውን ከናካቴው ታጠፋዋለች። ኮዱን ለምን እንደፈለገችው መናገር አይጠበቅባትም፤ ዛሬ በዚህ በኩል ማለፏንም ዙልፋ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ገጹን ማንንም ሳትለምን ትከፍተዋለች።

የይለፍ ቃሉን አስገብታ ተጫነች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዙልፋ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ትሪ ታጥባለች። አጠገቧ ያለው የእናቷ ስልክ ሲያንቃጭል ቀና አለችና ትሪውን ለቀቀችው።

«አንቺ ልጅ! ሰው ቆሞ ይጠብቃል እኮ!» የሚል የእትዬ ነጅሚያ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«መጣሁ ኡሚ! ሰብሌ ናት!»

ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ እንደለበሰ ስልኩን ይዛ፣ የከባድ መኪኖቹ ጩኸት ወደማይደርስበት ወደ ጎሚስታው ጥግ ሮጠች። ስክሪኑን በቀሚሷ ጠረገች፤ መልእክቱን እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ በስልክ የምትታይ ይመስል ሻሿን አስተካከለች። ገና ጥሪው ሳይመጣ ፈገግ ብላ ትጠብቅ ጀመር።

ሰብሌ በመስኮቱ ሁሉንም አየች። ያ ሁሉ «ቆይ፣ ቆይ» ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ የሚመጣ መሆኑን እንዴት ታውቅ? ደወለች።

«ሰብልዬ! ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ…»

«ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?»

«ኧረ የምን ሥራ? ቁጭ ብያለሁ» አለች ዙልፋ። አረፋው ከክርኗ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። «አውሪኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

«ኮዱን ስጪኝ ዙልፊ።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ በቃሏ አነበነበችላት። ሰብሌ አስገባች፤ ገጹ ተከፈተ። ማረጋገጫው ወደሚጠፋበት ቦታ ሄደች። አንዴ መንካት ብቻ ቀርቷት ነበር። ሳትጫነው ከሚኒባሱ ወርዳ መንገዱን ተሻገረች።

«ውይ! አንቺ! ከየት ወደቅሽ?»

«ከደሳለ መኪና። ቁጭ ብያለሁ ስትዪ አይቼሻለሁ።»

«ወላሂ ልቀመጥ ስል ነው የደወልሽው!»

ተቃቅፈው ሳቁ፤ አረፋው የሰብሌን ሹራብ አራሰው። ሰብሌ ስልኩን አዙራ አሳየቻት። ዙልፋ የስክሪኑን ጽሑፍ ስታነብ ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

«ልታጠፊው ነው?»

«ሳልነግርሽ ላጠፋው ነበር።»

«ከጠፋ… ቁጥር አይመጣም ማለት ነው?»

«አይመጣም።»

ዙልፋ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። «እሺ። የምትለፊበት አንቺ ነሽ። እኔማ እንዲሁ…» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

ሰብሌ ብትተወው ደስ ባላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፣ ዙልፋም ትሮጣለች፤ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል። ግን ጓደኛዋን ምን አድርጋ ኖራለች? እንድትገባ ባልተፈቀደላት ቤት ደጃፍ ላይ ዘበኛ። አጥፍታው ዝም ብትል ደግሞ ዘበኛነቱንም ልትቀማት ነው። የይለፍ ቃሉን ብትሰጣት፣ ዙልፋ ከዚህ መገንጠያ ላይ የራሷን ፊቶች እየለጠፈች፣ በዚያ ድምፅ እያሳቀቻቸው፣ ሰብሌን ጭራሽ ላትፈልጋት ትችላለች። ይህ ሐሳብ አስፈራት፤ ፍርሃቱም ያለፈው ዓመት ቅያሜ ራሱ መሆኑን ለየችው።

«ሰብሌ! ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» ደሳለ የሚኒባሱን በር እየደበደበ ጮኸ።

ሰብሌ «አጥፋ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያም የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ለዙልፋ ነገረቻት።